ስድስቱን በአንድ

ሰው ሁሉ የሰገንን እጅ ነበር የሚያየው። እኔ ቤዝ ጊታር ስለምጫወትና መድረክ ላይ ከጎኗ ስለምቆም የማየው እግሯን ነበር። ከፊቷ አንድ ጣውላ አለ፤ ጣውላው ላይ ስድስት ፔዳሎች ተደርድረዋል። ፔዳል የማያውቅ ካለ፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል፣ በእግር የምትረገጥ የብረት ሳጥን ናት። አንዷ የጊታሩን ድምፅ ታሻክራለች፣ አንዷ ታስተጋባለች፣ አንዷ እንደ ውኃ ታወዛውዛለች። ሰገን ከግጥሙ ወደ ሶሎ ስትገባ በአንድ ምት ውስጥ ሁለቱን አጥፍታ ሦስተኛዋን ታበራ ነበር። ተረከዟም፣ የእግሯ ጫፍም፣ የጫማዋ ጎንም ሥራ ነበረው።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ኦሎምፒያ መብራት ይዞት የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ገጫቸው። ቀኝ ጉልበቷ ውስጥ ብረት ገባ። አሥር ወር ከቤት ዋለች። ኅዳር ላይ በአንድ ክራንች እየተደገፈች ወደ ልምምድ ስትመጣ ሁላችንም ተነስተን አጨበጨብን፤ ዘፋኛችን ሔለን አለቀሰች። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

የምንለማመደው ኡራኤል አካባቢ ካለ ሕንጻ ምድር ቤት ነው። የባንዱ መሪ ጋሽ አጥናፉ ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ዕድሜው ስልሳን አልፏል። ግማሾቻችንን እጃችንን ይዞ ያስተማረን እሱ ስለሆነ የሚለው ይደመጣል። እሁድ እሁድ ካዛንቺስ ካለ ሆቴል የምሳ ፕሮግራም እንሠራለን። ሰገን በሌለችባቸው ወራት ጊታሩን የያዘው ኪዱ የሚባል ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሷ ስትመለስም አልሄደም።

የዚያን ቀን የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመርን። ሶሎው ሲደርስ ሰገን ቀኝ እግሯን አነሳች። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይታጠፍም፤ እግሯ ከዳሌዋ ጀምሮ እንደ በር ነው የሚዞረው። ማብራት የፈለገችውን ትታ ጎረቤቱን ረገጠች። ልታጠፋው ስትል ሌላ አበራች። ድምፁ ተዘበራረቀ፣ ገመድ ጫማዋ ላይ ተጠመጠመ፣ እኔ ባልይዛት ወድቃ ነበር። ሙዚቃው ቆመ።

ጋሽ አጥናፉ ከጥግ የፕላስቲክ ወንበር አንስቶ አመጣላት።

«ነይ ተቀመጪ ልጄ። አንቺ ኮርዱን ብቻ ያዢልን፣ ሶሎውን ኪዱ ይጫወተዋል። ምን አስጨነቀሽ፣ ለምደነዋል እኮ።»

በደግነት ነው ያለው። ያስቸገረውም ደግነቱ ነው፤ በክፋት ቢሆን ኖሮ አንዳችን አንድ ነገር እንል ነበር። ሰገን ወደ እኔ ዞር አለች። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አልኩ።

ተቀመጠች።

ሦስት እሁድ እንደዚያ ሠራን። ሰገን ከመድረኩ ጥግ ካለው ምሰሶ አጠገብ፣ የጊታሩን ድምፅ ከሚያጎላው አምፕ ጎን ትቀመጣለች፤ ክራንቿን ምሰሶው ላይ ታስደግፋለች፤ የጊታሯ ቦርሳ ክፍቱን እግሯ ሥር ይሆናል። ኮርድ ትመታለች፤ ብዙ ክር በአንዴ የሚመታበት አጃቢ ድምፅ ነው። ማንም ስህተት አላገኘባትም፣ ማንም ደግሞ አልሰማትም።

በሦስተኛው እሁድ አንድ ሰውዬ ከነቤተሰቡ ምሳውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ወደ መድረኩ መጣ። ሔለን ግንባር ላይ ሁለት መቶ ብር ለጠፈ። የኪዱም ግንባር ላይ ለጠፈ። ከዚያ ሰገንን አያት፣ ክራንቿን አየ። ጎንበስ ብሎ ሁለት መቶ ብር ክፍት ቦርሳዋ ውስጥ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና «እመቤቴ ትማርሽ እህቴ» ብሏት ሄደ።

ሰገን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫወተች። ሲያልቅ ጊታሯን አስቀመጠች፣ ብሩን ከቦርሳው አወጣች፣ ክራንቿን ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሃል አዳራሹን አቋርጣ በሩ ጋ ደረሰችበት። ማይክ የላትም፣ ግን አዳራሹ ዝም ስላለ ሁላችንም ሰማናት።

«ወንድሜ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ጥሩ ከተጫወትኩ እንደሌሎቹ ግንባሬ ላይ ይለጥፉልኝ። ካልተጫወትኩ ደግሞ ይያዙት።»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ይቅርታ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ብሩን ተቀበለ። ሚስቱ ክንዱን ይዛ አወጣችው። ጋሽ አጥናፉ የሚቀጥለውን ዘፈን ቶሎ ጀመረ።

በማግስቱ ሰገን ደወለችልኝ። የቀን ሥራዬ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነበር።

«ፍሰሃ፣ ከሥራ ስትወጣ በመኪናህ ስታዲየም ታደርሰኛለህ? ፔዳሎቹ ይከብዱኛል።»

«የት ልትወስጃቸው ነው?»

«ልለውጣቸው።»

ስታዲየም አካባቢ ሊካሳ የሚባል ሰው ያገለገለ የሙዚቃ መሣሪያ ይሸጣል፣ ይለውጣልም። ሱቁ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ጣውላውን ተሸክሜ ከኋላዋ ወጣሁ። በየፎቁ መድረሻ ላይ ቆም ትላለች፤ እጄን ስዘረጋ «ጣውላውን እንዳትጥለው» ትለኛለች።

ሊካሳ ፔዳሎቹን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። ሁለቱ አሮጌ የጃፓን ሥራዎች ናቸው፤ ሰገን አንዷን ለማግኘት አራት ዓመት እንደፈለገች አውቃለሁ።

«እህቴ፣ ማለቴ… ለእኔ ጥሩ ገበያ ነው» አላት። «ግን ይሄን የሚሰጥ ሰው የለም። በእነዚህ ምትክ ምን ልስጥሽ?»

«ሁሉን በአንድ የያዘ።»

«መልቲ ኢፌክት? አንቺ?»

«እኔ።»

ሦስት ዓይነት አወጣላት። የመጀመሪያው ልክ እንደ ስልክ በጣት የሚነካ ስክሪን ያለው፣ አዲስ፣ የሚያምር ነበር። ሊካሳ ጊታር ሰክቶ ድምፁን ሊያሰማት ሲል በእጇ ከለከለችው። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ ክራንቿን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እያየች በቀኝ እግሯ ትረግጥ ጀመር። አንዴ አገኘችው፣ አንዴ ሳተችው፣ አንዴ ሁለት ቁልፍ አብራ ረገጠች።

«ይሄ አይሆንም።»

«ድምፁን ሳትሰሚው?» አለ ሊካሳ።

«ድምፁን ቤት ቁጭ ብዬ እሠራዋለሁ። እግሬ ያገኘዋል ወይ ነው ጥያቄው።»

ሁለተኛውም አልሆነም። ሦስተኛው ሰፊና ከባድ ነው፤ ቀለሙ ተፋፍቋል፤ ማን ያውቃል ከስንት ባንድ ተርፎ እንደመጣ። ቁልፎቹ ግን ተራርቀው የተቀመጡ፣ ጠንካሮች ናቸው። ሰገን ግድግዳውን እያየች ረገጠች። ደግማ ረገጠች። ቆጠርኩ፤ አርባ ጊዜ ያህል ረግጣ ሁለቴ ብቻ ሳተች። ከዚያ ሊካሳን ጠየቀችው፤ «አንዱን ቁልፍ ብቻ በረገጥኩ ቁጥር ወደሚቀጥለው ድምፅ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል። የዘፈኑን ድምፆች በተራ ትደረድሪያለሽ፤ አንዴ ስትረግጪ ሁሉም ይለወጣል። ሦስቱን አጥፍቶ ሁለቱን አብርቶ የሚለው ነገር ሁሉ በውስጥ ነው የሚያልቀው።»

«በቃ፣ ይሄን።»

መኪና ውስጥ ስንገባ ባዶው ጣውላ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። «አታዝኚም?» አልኳት።

«አዝናለሁ እንጂ» አለች። «አንተ ግን ለመሆኑ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ መራመድ ነው የሚከብደኝ። መቆም አይከብደኝም። ሁለት ሰዓት መቆም እችላለሁ። ከመካከላችሁ የጠየቀኝ አለ?»

አልነበረም። መኪናውን አስነሳሁ።

በሚቀጥለው ልምምድ ሳጥኑን አምፑ ላይ ሰካችና የመጀመሪያውን ኮርድ መታች። እውነቱን ለመናገር አስቀያሚ ነበር። ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ተርብ ይመስላል። ኪዱ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«ልጄ» አለ ጋሽ አጥናፉ፣ «ያንን የመሰለ ፔዳል በዚህ ለወጥሽ? ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው። የእኛ ጆሮ ይሄን አይቀበልም።»

ሰገን ቁልፎቹን ነካካች፣ አልተሻለም። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። ሳጥኑን ነቀለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አሥራ አምስት ቀን ስጡኝ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሶሎዎቼን እፈልጋቸዋለሁ።»

«እሺ በላት» አልኩት ኪዱን በቀስታ። ኪዱ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ምን አገባኝ፣ ጋሼ ያለውን ነው የምሠራው» አለ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ከእናቷ ከወይዘሮ እጸገነት ጋር ነው የምትኖረው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው።

«አንተ ፍሰሃ፣ እስቲ ንገራት። ወንበር ምን አላት? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜ አስተምሬ፣ ወንበር ስመኝ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። እሷ የተሰጣትን ወንበር ትጠላለች!»

ሰገን ከውስጥ በትግርኛ አንድ ነገር መለሰችላቸው። ምን እንዳለች አልገባኝም፤ ወይዘሮ እጸገነት ግን ሳይፈልጉ ሳቁና ወደ ጓዳ ገቡ።

ክፍሏ ወለል ላይ ሳጥኑ ተዘርግቷል፤ ከጎኑ የትምህርት ቤት ደብተር አለ። ሃያ አራቱን ዘፈኖቻችንን ጽፋ በየአንዳንዱ ሥር ድምፆቹን በተራ አስፍራለች። የጆሮ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝና መታች።

ተርቡ የለም። የድሮዋ ሰገን ናት፤ እንዲያውም ጠራ ያለች። «ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ምንም። ጥፋቱ የሳጥኑ አይደለም፣ የእኔ ነው። ይሄ ነገር የአምፑንና የስፒከሩንም ድምፅ አብሮ ነው የሚሠራው። እኔ ደግሞ ወስጄ ሌላ አምፕ ላይ ሰካሁት። በቃ፣ የበሰለውን እንደገና ቀቀልኩት። አምፕ አያስፈልገውም። በቀጥታ የሁላችንም ድምፅ የሚገባበት ሚክሰር ላይ ነው የሚሰካው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አምፕ ካላስፈለገኝ ደግሞ ምሰሶው ጋ ምን እሠራለሁ? የፈለግኩት ቦታ መቆም እችላለሁ ማለት ነው።»

በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ሆቴሉ ስደርስ ሰገን ቀድማኛለች። መድረኩ ላይ ከፊት፣ ከሔለን ማይክ በስተግራ ቆማለች። ጊታሯ ትከሻዋ ላይ፣ ሳጥኑ እግሯ ሥር፣ ገመዱ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ሄዷል። ጋሽ አጥናፉ ገና ከበሩ ነው ያያት።

«ወንበሩስ?»

«ለአስተናጋጆቹ መለስኩላቸው።»

ቀርቦ ሳጥኑን አየው። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል።

«ሰገን፣ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። ከስድስት ፔዳል አንዱ ቢበላሽብሽ ነቅለሽው ትቀጥያለሽ። ይሄ ቢበላሽብሽስ?»

«ጊታሩን ሚክሰር ላይ ሰክቼ በደረቁ እጫወታለሁ።»

«ሁሉ ነገር አለው የሚባል ዕቃ ሁሉን ነገር ግማሽ ግማሹን ነው ያለው። አንድ ሳጥን ውስጥ ስንት ነገር ይገባል?»

«የእርስዎ ኪቦርድ ውስጥ ስንት አለ ጋሽ አጥናፉ? ፒያኖ አለ፣ ኦርጋን አለ፣ መለከት አለ፣ ቫዮሊን አለ። በአንድ ጣት ነው የሚለዋውጡት። ፒያኖውን ተሸክመው ካልመጡ ሙዚቀኛ አይደሉም ያለዎት ሰው አለ?»

ድራመሩ ሲምባሉን የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለ። ጋሽ አጥናፉ የእጅ ሰዓቱን አየ። ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ወደ ኪቦርዱ ሄደ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሶሎው ሲመጣ ኪዱ ጋሽ አጥናፉን አየው። ሰገን ማንንም አላየችም። አንዴ ረገጠች፤ በአንድ ምት ድምፁ ሁሉ ተለወጠ። የሚረዝም፣ የሚያለቅስ፣ ግን ጥርሱን የነከሰ ድምፅ ነው። ቀጥ ብላ ቆማለች። አሥር ወር ሙሉ የት እንዳስቀመጠችው እግዜር ይወቅ፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ጠረጴዛ ላይ ሹካ ያስቀመጡ ሰዎች አይቻለሁ። ሔለን ማይኩን ይዛ ዞራ ትመለከታት ነበር፤ መግባት ያለባትን ቦታ ረስታ አንድ ዙር አሳለፈችው።

ስድስተኛው ዘፈን መሃል መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ በሁለት በሦስት ሰከንድ ተነሳ። የእኔ አምፕ ወዲያው መጣ። የኪዱ ፔዳሎችም ወዲያው መጡ። የጋሽ አጥናፉ ኪቦርድ ትንሽ ቆይቶ መጣ። የሰገን ሳጥን ግን ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለች የምትሞላ አንዲት መስመር ብቻ ታሳያለች።

ሰዎች ማየት ጀመሩ። ኪዱ ሶሎዋን ሊቀበላት ጣቱን የጊታሩ አንገት ላይ አስቀመጠ። ሰገን እጇን ከጊታሩ ላይ አንስታ መዳፏን አሳየችው፤ ቁም ማለቷ ነው። ኪዱ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ «ተዋት» አልኩት። በሕይወቴ ብዙ ደፋር ነገር አልሠራሁም፣ ያችን ግን ሠርቻለሁ። እኔና ድራመሩ ያንኑ ዙር እየደጋገምን ጠበቅናት። ሰገን ሕዝቡን ፊት ለፊት እያየች፣ ምንም ሳትጫወት፣ ምንም ሳታስመስል ቆመች። መስመሯ ሞላች። ረገጠች። ካቋረጠችበት ቀጠለች።

ፕሮግራሙ አልቆ ዕቃ ስንሰበስብ ጋሽ አጥናፉ መጣ።

«አየሽ አይደል?»

«አየሁ። ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው። ቤት ለክቼዋለሁ፤ አውቄ ነው የወሰድኩት።»

«ሕዝብ ፊት ባዶሽን ቆመሽ!»

«አሥር ወር ጠብቃችሁኝ የለም እንዴ? ሃያ ሁለት ሰከንድ ምን አላት?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። እኔ ባንድ ነው የምመራው።» ሲናገር ደክሞታል። «ከሚመጣው እሁድ ጀምሮ ወይ በፔዳል ትመጫለሽ፣ ወይ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለሽ ኮርድሽን ትመቻለሽ። ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለው ከሆነስ ይተዉት» አለች። «እርስዎ አስተምረውኛል፣ አከብርዎታለሁ። ግን እግሬ ምን እንደሚችል የማውቀው እኔ ነኝ። ወንበሩ ላይ አልቀመጥም። ፔዳሎቹንም አላመጣም።»

«እንግዲያው ኪዱ ይበቃኛል።»

«እሺ።»

ገመዷን ጠቅልላ ሳጥኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አንድ ቦርሳ ጀርባዋ ላይ፣ ክራንቿ በእጇ። ልሸኝሽ ስላት ታክሲ እይዛለሁ አለችኝ። በመስኮት አየኋት። የካዛንቺስ መንገድ ከሰፋ ወዲህ ታክሲ መያዣው ርቋል፤ አዲሱን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይዛ ቀስ እያለች ሄደች፤ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረችም።

እኔ ወዲያው ተከተልኳት ብል ውሸት ነው። አንድ ወር ቆየሁ። አንድ ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ቤዜን ይዤ ከኪዱ ጎን ቆምኩ። ኪዱ ጎበዝ ነው፣ እግሩም ፈጣን ነው፤ ግን ሶሎው ሲደርስ እጄ ከልቤ ጋር አልሄድ አለኝ። በአራተኛው እሁድ ማግስት ለጋሽ አጥናፉ ነገርኩት። «አንተም?» አለኝና ስልኩን ዘጋው።

አሁን ሦስት ሆነን እንሠራለን፤ ሰገን፣ እኔና ሰገን ያገኘቻት መድኃኒት የምትባል ድራመር። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ካፌ ቅዳሜ ከሰዓት ቦታ ሰጥቶናል። ጠባብ ነው፤ መድረክ የለውም፤ ከበሩ አጠገብ ሁለት ጠረጴዛ አንስተው ነው የሚያቆሙን። አምፕ ቢመጣ የሚገባበት የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰገን ያለ ማይክ በአፏ «ሃያ ሁለት ሰከንድ!» ትላለች፤ የለመዱ ደንበኞች ጮክ ብለው መቁጠር ጀምረዋል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ገቢያችን ከሆቴሉ ያንሳል። ወይዘሮ እጸገነት አንዴ መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ፤ ሲወጡ «ጫማሽ ግን አያምርም» ብቻ ነው ያሏት።

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮ እያለሁ ጋሽ አጥናፉ ደወለ። ከተኮራረፍን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀ። ከዚያ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ መጣ፤ የሆቴሉ ኃላፊ የጊታሩ አምፕ እንግዳ ይረብሻል፣ ድምፁን ቀንሱ ብሏቸዋል።

«ያቺ ልጅ… ያለ አምፕ ነበር አይደል የምትሠራው? እንዴት ነበር የምትሰካው?»

አውቀዋለሁ። በሁለት ቃል ልነግረው እችል ነበር።

«ስልኳ አልተለወጠም ጋሽ አጥናፉ» አልኩት። «ራስዎ ደውለው ይጠይቋት።»

«እስቲ» ብሎ ዘጋው።

ለሰገን ነገርኳት። አዲስ ዘፈን ደብተሯ ላይ እየጻፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ይደውል» አለች። «ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን አላነሳም፣ ሥራ ላይ ነኝ።»